ከኅዳር የሚሸሹ ጌሞች፦ ትልልቆቹ ለምን በአንድ ወር ይደራረባሉ?

ሮክስታር ጌምስ ኖቬምበር 6፣ 2025 ባወጣው አጭር መግለጫ «ግራንድ ቴፍት ኦቶ 6» (ባጭሩ ጂቲኤ 6) የሚወጣበትን ቀን ከሜይ 26 ወደ ኖቬምበር 19፣ 2026 አዛወረው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 10 ቀን 2019 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጌሙ ሲጀመር ይደርሳል የተባለው በ2025 መጸው ነበር፤ ስለዚህ ቀኑ ሲገፋ ይህ ሁለተኛው ነው። መግለጫው እንደወጣ በጌመሮች ዘንድ የተነሣው ወሬ ግን ስለ መዘግየቱ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት ሌላ ማን ደፍሮ ይወጣል የሚለው ጥያቄም አብሮ መጣ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። መስከረም ጠብቶ የፈረንጆቹ ኦክቶበርና ኖቬምበር ሲቃረቡ በየዓመቱ ያው ቅሬታ ይሰማል፦ ሌላው ወር ሁሉ ባዶውን ከርሞ አሁን አምስትና ስድስት ጌም በአንድ ላይ፤ ለምን ዓመቱን ሙሉ አያዳርሱትም? ቅሬታ አቅራቢው ራሱ የሚሰጠው መልስም የታወቀ ነው። ኩባንያዎቹ ስግብግብ ናቸው፣ ወይም እርስ በርስ አይተያዩም ይላል። የመጀመሪያው ጥቂት እውነት አለው፤ ሁለተኛው ግን ከእውነታው ጋር ይጋጫል። ኩባንያዎቹ ከሚገባው በላይ ይተያያሉ። መደራረቡን የሚፈጥሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ አንዱ ጌሞችን ወደ ጥቂት ሳምንታት የሚሰበስብ ሂሳብ ነው፤ ሌላው ከአንድ ግዙፍ ጌም ፊት የሚደረግ ሽሽት ነው። ብዙ የማይወራለት ሽሽቱ ነው። የሸሸው ሁሉ የሚሸሸው ወደ አንድ አካባቢ በመሆኑ መጨናነቁ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይቀንስም።

## ቀኑን የሚቆርጠው ማን ነው?

ጌሙን የሚሠራው ስቱዲዮ ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው፣ የሚያስተዋውቀውና ወደ ገበያ የሚያደርሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፐብሊሸር የሚባለው አሳታሚ ኩባንያ ነው። በመጽሐፍ ደራሲና በአሳታሚው መካከል ያለውን ግንኙነት ይመስላል፤ እዚህ ግን «ደራሲው» አንዳንዴ ከሺህ በላይ ሠራተኛ ነው። በጂቲኤ ጉዳይ ስቱዲዮው ሮክስታር ሲሆን ባለቤቱም አሳታሚውም ቴክ-ቱ ኢንተራክቲቭ ነው። ቴክ-ቱ አክሲዮኑ በአሜሪካ ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ስለሆነ በየሦስት ወሩ ለባለአክሲዮኖቹ ሂሳብ ያቀርባል፤ የሚመጣውን ገቢም አስቀድሞ ይተነብያል። ለጌመሩ የደስታ ቀን የሆነው ነገር እዚያ ሰነድ ላይ የገቢ ትንበያ ነው። ኖቬምበር 6 የወጣው የማዛወር ዜናም ቴክ-ቱ የሩብ ዓመት ሂሳቡን ባቀረበበት በዚያው ዕለት የተነገረ ነው።

የበጀት ዓመት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቴክ-ቱ፣ ኤሌክትሮኒክ አርትስ፣ ዩቢሶፍት፣ ኒንቴንዶ፣ ሶኒና ካፕኮም ሁሉም ዓመታቸውን ማርች 31 ዘግተው ኖረዋል። ማርች 28 የወጣ ጌም የመጀመሪያ ቀናት ሽያጩ ለዘንድሮ ይቆጠራል፤ ኤፕሪል 3 የወጣው ለከርሞ ይገባል። ሰኔ 30 ሲቃረብ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን በግዢ የሚራወጡትን የእኛን መሥሪያ ቤቶች ያየ ሰው ፌብሩዋሪና ማርች ለምን በጌም እንደሚጥለቀለቁ ለመረዳት አይቸገርም። የእኛዎቹ ወጪ ለማስመዝገብ ይሮጣሉ፤ እነዚያ ገቢ ለማስመዝገብ።

ሁለተኛው ሰብሳቢ የአሜሪካና የአውሮፓ የበዓል ገበያ ነው። በአሜሪካ የምስጋና ቀን የሚውለው በኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ሲሆን ማግስቱ «ብላክ ፍራይዴይ» የሚባለው የቅናሽ ቀን ነው። በ2026 ይህ ቀን ኖቬምበር 27 ላይ ይውላል፤ ጂቲኤ 6 ከተቀጠረበት ዕለት ስምንት ቀን በኋላ ማለት ነው። ከዚያ እስከ ገናቸው ድረስ አያትም አጎትም ለልጅ የሚሆን ስጦታ ሲፈልግ ይከርማል። አሳታሚዎች ይህን ጊዜ የሚፈልጉት የፋሲካ ሰሞን የበግ ነጋዴ ወደ ከተማ በሚገባበት ምክንያት ነው። በዚያ ሳምንት በጉ ብዙ፣ ነጋዴውም ብዙ መሆኑን ያውቃል፤ ግን ገዢው ገንዘቡን ቋጥሮ የሚወጣው ያን ሳምንት ነው። ችግሩ ገዢው አንድ በግ ጎትቶ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው።

በዚህ ላይ ቀናቸውን የማይለቁ ጌሞች አሉ። የእግር ኳሱ ጌም፣ ቀድሞ «ፊፋ» አሁን «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» የሚባለው፣ የአውሮፓ ሊጎች ከተጀመሩ በኋላ በሴፕቴምበር መጨረሻ ይወጣል፦ በ2023 በ29፣ በ2024 በ27፣ በ2025 በ26። «ኮል ኦፍ ዲዩቲ» ኦክቶበርን ወይም ኖቬምበርን አይለቅም። የቀሩት በእነዚህ መካከል ክፍት ሳምንት ፈልገው መግባት አለባቸው።

## የሸሹት የት ይገናኛሉ?

የዚያው የሮክስታር «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» ለኦክቶበር 26፣ 2018 ሲቀጠር በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ መውጣት የለመደው «ኮል ኦፍ ዲዩቲ» እንኳ ወደ ኦክቶበር 12 ቀድሞ ወጣ። በ2023 «ባልደርስ ጌት 3» ከኦገስት 31 ወደ ኦገስት 3 የቀደመው ሴፕቴምበር 6 ላይ ከሚመጣው «ስታርፊልድ» ለመራቅ ነው ተብሎ በሰፊው ተነግሯል። በኮምፒውተር በኩል ያገኘው የአንድ ወር ክፍተት በጣም ጠቀመው። የፕሌይስቴሽን 5 ቅጂው ግን የወጣው ያው ሴፕቴምበር 6 ነበር፤ «ስታርፊልድ» ያኔ ፕሌይስቴሽን ላይ ስላልወጣ ግጭት አልነበረም።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር የሆነው ደግሞ ለአንድ ጽሑፍ ብቻውን ይበቃል። «አሳሲንስ ክሪድ ሚራዥ» ከ12 ወደ 5 ቀደመ። «አለን ዌክ 2» ከ17 ወደ 27 ዘገየ፤ ኩባንያው ራሱ ወሩ በጌም መሞላቱን ጠቅሶ ለተጫዋቾች ጊዜ ለመስጠት መሆኑን በይፋ ተናገረ። በመካከል ኦክቶበር 20 ላይ የሶኒው «ስፓይደርማን 2» እና የኒንቴንዶው «ሱፐር ማሪዮ ብሮስ ዎንደር» በአንድ ቀን ወጡ። የ«አለን ዌክ» ሠሪዎች የፊንላንዱ ረሜዲ ስቱዲዮ መጠንቀቃቸው አያስገርምም። የመጀመሪያው «አለን ዌክ» በሰሜን አሜሪካ የወጣው ሜይ 18፣ 2010 ነበር፤ የመጀመሪያው «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን» በወጣበት ዕለት።

ሽሽት መጨናነቅን እንደሚወልድ ቁልጭ ብሎ የታየው ግን በ2022 መጀመሪያ ነው። በኮቪድ ምክንያት የሥራ መርሐ ግብራቸው የተናጋባቸው ስቱዲዮዎች ከ2021 መጨረሻ እየለቀቁ ወጡ። «ዳይንግ ላይት 2» ከዲሴምበር 7 ወደ ፌብሩዋሪ 4 ሄደ። «ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት» ለፌብሩዋሪ 18፣ «ግራን ቱሪዝሞ 7» ለማርች 4 ተቀጠሩ። «ኤልደን ሪንግ» ከጃንዋሪ 21 ተገፍቶ ፌብሩዋሪ 25 ላይ አረፈ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ አስተዋይ ውሳኔ ነበር፤ ሲደመሩ ግን አንድ ወር ሞሉ። «ኤልደን ሪንግ» በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ 12 ሚሊዮን ቅጂ ሲሸጥ፣ በሳምንት የቀደመው «ሆራይዘን» የሚወራለት ጊዜ ሰባት ቀን ብቻ ሆነ። የመጀመሪያው «ሆራይዘን» በ2017 ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞት ነበር፤ በወጣ በሦስተኛው ቀን አዲሱ «ዜልዳ» መጣ። አንድን ጌም ሁለት ጊዜ እንዲህ ማግኘት አጋጣሚ ቢሆንም፣ ሁለቱም ጊዜ የሆነው በበጀት ዓመቱ የመዝጊያ ሰሞን መሆኑ ግን አጋጣሚ አይደለም።

ሽሽት ባዶ ቦታ ጥሎ የሚሄድበት ጊዜም አለ። «አሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስ» ከኖቬምበር 2024 ወደ ፌብሩዋሪ 14፣ 2025 ሲዛወር፣ ለፌብሩዋሪ 11 ተቀጥሮ የነበረው የቼኮቹ «ኪንግደም ካም፦ ዴሊቨራንስ 2» ወደ ፌብሩዋሪ 4 ተሳበ። ሁለቱም በመካከለኛ ዘመን አካባቢ የሚካሄዱ፣ አንድ ዓይነት ገዢ የሚፈልጉ ጌሞች ናቸው። ከዚያ «ሻዶውስ» ራሱ እንደገና ወደ ማርች 20 ሄደ። «ኪንግደም ካም» ከ«ሻዶውስ» ነጻ የሆነ የካቲት አገኘ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ሸጠ።

## የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ

እስካሁን የተነሡት ቀናቸውን ለማዛወር አቅም ያላቸው ናቸው። ትንንሾቹ ምን እንደሚሆኑ ያሳየው ሴፕቴምበር 2025 ነው።

«ሆሎው ናይት፦ ሲልክሶንግ» የሚባለውን ጌም የሠራው ቲም ቼሪ በአውስትራሊያ አደሌድ ከተማ የሚገኝ፣ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ያሉት ስቱዲዮ ነው። የመጀመሪያው ጌማቸው በ2017 ወጥቶ ተወዳጅ ሆነ፤ ተከታዩ በ2019 መጀመሪያ ከተነገረ በኋላ ዓመታት አለፉ። ኦገስት 21፣ 2025 በድንገት «ሴፕቴምበር 4 ይወጣል» አሉ። የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ማለት ነው። ዋጋው 20 ዶላር ነበር።

ያን ሳምንት ለመውጣት ወራት የተዘጋጁ ትንንሽ ስቱዲዮዎች ምን ነበር በእጃቸው የያዙት? ለጋዜጠኞች የተላከ ቅጂ፣ ከስትሪመሮች ጋር የተያዘ ቀጠሮ (ስትሪመር ማለት ሲጫወት በቀጥታ እያሳየ ተመልካች የሚሰበስብ ሰው ነው)፣ የተከፈለበት ማስታወቂያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዊሽሊስት። ዊሽሊስት በስቲም፣ ማለትም በትልቁ የኮምፒውተር ጌም መደብር፣ ሰዎች ወደፊት ሊገዙት የሚፈልጉትን ጌም የሚመዘግቡበት ዝርዝር ነው። ጌሙ በወጣ ሰዓት መደብሩ ለተመዘገቡት ሁሉ መልእክት ይልካል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚገኘው ሽያጭም ጌሙ በመደብሩ የፊት ገጽ ላይ መታየቱንና አለመታየቱን ይወስናል። ይህ መልእክት የሚላከው አንዴ ነው። ተቀባዩ ያን ዕለት «ሲልክሶንግ»ን እያወረደ ከሆነ፣ የሦስትና የአራት ዓመት ሥራ ማስታወቂያ ሳይከፈት ያልፋል።

ስለዚህ ሸሹ። «ዴሞንስኩል» ከሴፕቴምበር 3 ወደ ኖቬምበር 19 ሄደ። «ክሎቨርፒት» ከዚያው ቀን ወደ 26 ተገፋ። «ቤቢ ስቴፕስ» ከ8 ወደ 23 ተዛወረ። ሌሎችም ተከተሉ፤ ወደ 2026 የተሻገረም አለ። ቀኑ ሲደርስ የስቲም፣ የኒንቴንዶና የኤክስቦክስ መደብሮች ገዢውን መሸከም አቅቷቸው ተንገዳገዱ፤ በስቲም ብቻ በአንድ ጊዜ የሚጫወተው ሰው ከግማሽ ሚሊዮን አለፈ።

እዚህ ላይ የሚያስገርመው አስፈሪው ግዙፍ ኩባንያ አለመሆኑ ነው። ቲም ቼሪ የበጀት ዓመት የሚያስጨንቀው ባለአክሲዮን የለበትም። የበዓል ገበያም አልጠበቀም፤ ሲጨርስ አወጣ። ግን የጎረቤቶቹን መርሐ ግብር ያተራመሰው ያው ነጻነቱ ነው። ትልልቆቹ አስቀድመው ቀን ስለሚናገሩ ቢያንስ ለመሸሽ ጊዜ ይሰጣሉ።

## የሚያልቀው ጊዜ ነው

ስለ መደራረብ ሲወራ ቶሎ የሚነሣው የኪስ ጉዳይ ነው። ትልልቅ ጌሞች ከ2020 ወዲህ 70 ዶላር ገብተዋል፤ ኒንቴንዶ በ2025 «ማሪዮ ካርት ወርልድ»ን በ80 ዶላር አውጥቷል፤ ማይክሮሶፍትም 80 ሊል ሞክሮ በቅሬታ ወደ 70 ተመልሷል። አራት ጌም በአንድ ወር የብዙ ሰው አቅም አይደለም። ሆኖም ገንዘብ መላ አለው፦ ቅናሽ ይጠበቃል፣ ከጓደኛ ዲስክ ይወሰዳል፣ በወር ክፍያ ብዙ ጌም የሚያስጫውተው ጌም ፓስም አለ። መላ የሌለው ጊዜ ነው።

ሂሳቡን በአንድ ሰው ላይ እናስላው። ሥራ የሚውል፣ ቤተሰብ ያለው ጌመር በሳምንት አሥር ሰዓት ቢያገኝ ዕድለኛ ነው። በአንድ ወር የወጡ አራት ጌሞች እያንዳንዳቸው 40 ሰዓት ቢወስዱ 160 ሰዓት ይሆናል፤ አሥራ ስድስት ሳምንት። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ የጀመረ ሰው አራተኛውን የሚጨርሰው ጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ያኔ የየካቲቶቹ ደርሰዋል፤ ያልተነካው ጌምም በግማሽ ዋጋ ይገኛል። ኩባንያዎቹ በሙሉ ዋጋ የሚያጡት ይህን ሰው ነው፤ ገንዘብ ስላጣ ሳይሆን ሰዓት ስላጣ።

ሌላም አለ። አዲሶቹ የሚሻሙት ከአሮጌዎቹ የተረፈውን ጊዜ ነው። በ2024 ስቲም ላይ ከ18 ሺህ በላይ ጌሞች ወጥተዋል። መደብሩ ራሱ በዚያ ዓመት ማጠቃለያው እንደገለጸው ግን ተጠቃሚዎቹ ከተጫወቱበት ጊዜ በዓመቱ አዳዲስ ጌሞች ላይ የዋለው 15 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው በ«ካውንተር ስትራይክ»፣ በ«ዶታ»ና በሌሎች የቆዩ ጌሞች ላይ የዋለ ነው። ስለዚህ አንድ ስቱዲዮ ከጂቲኤ 6 ሦስት ሳምንት ስለራቀ ብቻ ሜዳው ይለቀቅልኛል ብሎ ማሰብ የለበትም። በ2013 የወጣው ጂቲኤ 5 በሦስት ቀን አንድ ቢሊዮን ዶላር ካስገባ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሲሸጥ ኖሯል፤ ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የሸጠ ጌም ከሦስት ሳምንት በኋላ አይረሳም።

## መደራረብ በእርግጥ ይገድላል?

ይገድላል የሚሉ ወገኖች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት «ታይታንፎል 2»ን ነው። ኦክቶበር 28፣ 2016 ወጣ። ከሳምንት በፊት «ባትልፊልድ 1»፣ ከሳምንት በኋላ «ኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ ኢንፊኒት ዋርፌር»፤ ሦስቱም የተኩስ ጌሞች። የሚያሳዝን ባይሆን የሚያስቀው «ባትልፊልድ»ንም «ታይታንፎል»ንም ያሳተመው አንድ ኩባንያ፣ ኤሌክትሮኒክ አርትስ መሆኑ ነው። ጌሙ በገምጋሚዎች ተወደሰ፤ ሽያጩ ግን ከተጠበቀው በታች ሆነ። ሠሪው ሪስፖን በኋላ በዚያው ኩባንያ ተገዛ፤ በ2019 «ኤፔክስ ሌጀንድስ»ን ሲያወጣ ማስታወቂያ ሳይኖር በተነገረበት ዕለት በነጻ ለቀቀው፤ በሳምንት ውስጥ 25 ሚሊዮን ተጫዋች አገኘ። ከቀን መቁጠሪያው ጋር የሚደረገውን ትግል ጨርሶ መተው ማለት ይህ ነው።

አይገድልም የሚሉት ደግሞ «ክሌር ኦብስኩር፦ ኤክስፔዲሽን 33»ን ያነሣሉ። የፈረንሳይ ሞንፔሊዬ ከተማው ሳንድፎል ስቱዲዮ የመጀመሪያ ሥራው የሆነው ይህ ጌም ለኤፕሪል 24፣ 2025 ተቀጥሮ ሳለ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው ትልቁ አሳታሚ ቤቴስዳ «ኦብሊቪየን ሪማስተርድ»ን በድንገት ለቀቀ። ሁለቱም የሚና ጨዋታዎች (ተጫዋቹ የገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ የሚያሳድግባቸው) ናቸው፤ በወረቀት ላይ ትንሹ መቀበር ነበረበት። በሦስት ቀን አንድ ሚሊዮን ቅጂ ሸጠ፤ በዲሴምበር ደግሞ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸለመ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው ልዩነቱ የቀናት ርቀት አይደለም። «ታይታንፎል 2» ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ዓይነት ነገር በአንድ ዓይነት ዋጋ ይሸጥ ነበር። «ክሌር ኦብስኩር» ዋጋው 50 ዶላር፣ መልኩም ማንንም የማይመስል ነበር፤ ተራ በተራ የሚመቱበት ውጊያ የናፈቀው ገዢ «ኦብሊቪየን» ውስጥ አያገኘውም። የእኔ ግምት መደራረብ የሚጎዳው መሃለኛውን ነው፦ ዋጋው የትልቅ፣ ዝናው የትንሽ፣ ዓይነቱ ደግሞ ሌላ ቦታ የሚገኝ የሆነውን።

ቀን እንደ ማመካኛ የሚያገለግልበት ጊዜም አለና መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሶኒው «ኮንኮርድ» ኦገስት 23፣ 2024 በ40 ዶላር ወጥቶ ሴፕቴምበር 6 ተዘጋ፤ ለገዢዎችም ገንዘባቸው ተመለሰ። ሦስት ቀን የቀደመው የቻይናው «ብላክ ሚዝ፦ ዉኮንግ» በሦስት ቀን 10 ሚሊዮን ቅጂ መሸጡ እውነት ነው። ግን «ኮንኮርድ» ይፎካከራቸው የነበሩት የተኩስ ጌሞች በነጻ የሚገኙ ነበሩ፤ በየትኛው ወር ቢወጣ ይህ አይቀየርም ነበር።

## ቀን ሲከበር ጌም ሲጎዳ

ተጫዋቾች ቀን ሲገፋ ይናደዳሉ፤ ያልተገፋው የከፋባቸው ጊዜ ግን አለ። የፖላንዱ «ሳይበርፐንክ 2077» ኖቬምበር 19፣ 2020 ሊወጣ ተቀጥሮ ነበር፤ አዎ፣ ኖቬምበር 19። ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ ዲሴምበር 10 ተገፋ፤ የገናው ገበያ እንዳያመልጥ ከዚያ አላለፈም። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ በስሕተት የተሞላ ሆኖ በመውጣቱ ሶኒ በሳምንት ውስጥ ከመደብሩ አነሣው፤ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ከዚህ አንጻር ሮክስታር ሁለት ጊዜ መግፋቱ ለገዢው መጥፎ ዜና አይደለም። የሚጎዱት ቀኑን አምነው የራሳቸውን ቀን የቆረጡ ጎረቤቶች ናቸው፤ ከሜይ 2026 የሸሸ ሁሉ በከንቱ ሸሸ።

## ከአዲስ አበባ ሲታይ

በአዲስ አበባ ሰፈሮች ያለው ጌም ቤት ይህን ሁሉ ሩጫ ከሩቅ ነው የሚያየው። አንድ ስክሪን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ከኋላ ተራ የሚጠብቁ ልጆች፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ክፍያው በጨዋታ ይቆጠራል። እዚያ ቤት 60 ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ ያለው ጌም ለባለቤቱ ገቢ አያመጣም። ከባሕር ማዶ ከሚመጣው የጌም ጎርፍ ቤቱን የሚነካው አንድ ብቻ ነው፦ አዲስ ዝውውር የገባበት የእግር ኳስ ጌም። ለዚህ ገበያ የተጨናነቀው ወር ያለ ክርክር መስከረም ነው።

ቤቱ ለሚጫወተው ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የሶኒ የፕሌይስቴሽን መደብር ኢትዮጵያ ውስጥ በይፋ አይሠራም፤ ስለዚህ አካውንቱ በሌላ አገር ስም ይከፈታል፣ ክፍያውም ውጭ ያለ ዘመድ በሚልከው ጊፍት ካርድ ይሆናል። ብሩ ከጁላይ 2024 ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ሌላ ነው፤ ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 70 ዶላር 10 ሺህ 500 ብር ነው። ማውረዱም ቀላል አይደለም። «ባልደርስ ጌት 3» በኮምፒውተር 150 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል፤ ያን ያህል ፋይል በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሆነ መስመር ለማውረድ መብራትም ኔትወርክም ሳይቋረጥ 33 ሰዓት ያህል ይጠይቃል።

ለዚህ ነው ዲስኩ ገና ያልሞተው፤ ለብዙዎች ጌም የሚወጣበት ቀን ኩባንያው የተናገረው ሳይሆን «ሰው ሲመጣ» የሚባለው ቀን ነው። በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ በብላክ ፍራይዴይ ቅናሽ የተገዛ ዲስክ ለገናና ለጥምቀት በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የኖቬምበር ቀጠሮ በዚህ በኩል ለእኛ ሰው የተመቸ ነው ማለት ይቻላል፤ የሜይ ጌም እስከ ክረምት እንግዳ ይጠብቅ ነበር።

## እስከ ኅዳር 10 የሚታዩ ነገሮች

ጂቲኤ 6 ለጊዜው የተነገረው ለፕሌይስቴሽን 5ና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ብቻ ነው። ይህ ማለት ለኮምፒውተር ብቻ የሚሠሩ የስትራቴጂ ጌሞችና ለኒንቴንዶ ስዊች 2 የሚወጡ ሥራዎች ከሌሎቹ ያነሰ ፍርሃት አላቸው። ኖቬምበር ላይ ደፍሮ የሚቆም ካለ ከእነዚህ መካከል ቢሆን አይገርምም። በሌላ በኩል ሽሽቱ የተጋነነ ነው የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ጂቲኤ ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ የጌም ማሽን) ያልነበረውን ሰው ኮንሶል ያስገዛል፣ ኮንሶል የገዛ ደግሞ ሁለተኛና ሦስተኛ ጌም ይፈልጋል የሚል ነው። ይህ ለሚከተሉት ወራት ያሳምናል፤ ለዚያ ሳምንት ግን ከላይ የተሰላውን የአሥር ሰዓት ሂሳብ አይቀይረውም።

ከትሬይለሮቹ ይልቅ መከታተል የሚገባው የቴክ-ቱ የሩብ ዓመት ሂሳብ ነው። ጌሙ የተቀጠረበት የኩባንያው የበጀት ዓመት የሚዘጋው ማርች 31፣ 2027 ነው። ጌሙ ከኖቬምበር እንደገና ቢንሸራተት የበዓሉን ገበያ ያጣል፤ የዓመቱን ትንበያ ሳያበላሽ ሊያርፍ የሚችልበት ቦታ ግን ይቀረዋል፦ ፌብሩዋሪ ወይም ማርች። ከኅዳር ፊት የሚሸሹ ጌሞች ሊሰበሰቡ የሚችሉትም እዚያው፣ የካቲት ላይ ነው።